ለበር ጀርባ የሰጠ

ቡሬ ውስጥ ሰላምታ የማይመልስ አናጢ እንዳለ የሰማሁት መጋዙን ልገዛ ከመሄዴ በፊት ነው። ወሬውን ያመጣልኝ የሚኒባስ ረዳት «ዕቃው ደህና ነው፤ ሰውየው ግን ኩሩ ነው። በሩ ላይ ቁመህ እንደምን ዋሉ ብትለው ዞር ብሎም አያይህ» አለኝ። ታዲያ ለምን ይሸጠዋል ስለው አርጅቷል፣ ልጆቹ ባሕር ዳር ሊወስዱት ነው አለኝ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሰውየው ሳይሆን መጋዙ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳይመጣልኝ ከቀረ ወዲህ፣ ፍኖተ ሰላም በእናቴ አጎት በመምሬ ታከለ ግቢ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት የጭቃ ክፍል ውስጥ የወንበር መደገፊያና የመቋሚያ ራስ እየሠራሁ እኖራለሁ። ብቻዬን መሥራት እወዳለሁ። እንጨት ወሬ አይፈልግም፤ እጅህ ይሠራል፣ ሐሳብህ የፈለገበት ይሄዳል። ግን የመቋሚያ ራስ ጎባጣ ነው። ካህኑ ማኅሌት ሲቆም የሚደገፈው እሱን ስለሆነ ጉብጠቱ ትንሽ ከተበላሸ ብብት ያቆስላል። ይህን ጉብጠት በእጅ መጋዝ ማውጣት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እንጨትን ጎባጣ አድርጎ የሚቆርጥ መሣሪያ አለ ሲሉኝ፣ ከመግዛቱ በፊት ማየቱ ነው ያጓጓኝ። ብረት እንዴት ብሎ ይታጠፋል?

የአናጢው የአያ ሙጬ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የአዊ ሰው ናቸው። ስደርስ የሥራ ክፍላቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቁመዋል። ከፊታቸው እኔን የሚያህል አሮጌ ብረት ይጮኻል። አንድ ጎማ ከላይ፣ አንድ ጎማ ከታች፤ በሁለቱ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ጥርሳም ቀጭን ብረት እንደ ቀበቶ ተጠምጥሞ ይዞራል፤ መካከል ላይ የብረት ጠረጴዛውን ሰንጥቆ ወደ ታች ይወርዳል። ሪባን ይሉታል። ለካ የሚታጠፈው ብረቱ አይደለም። ብረቱ ባለበት ይወርዳል፤ እንጨቱን ነው እሳቸው ቀስ እያሉ የሚያዞሩት። ይህን ሳይ በሩ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

እንደምን ዋሉ አልሁ። መልስ የለም። ደገምሁ። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ አልሁት፤ ትከሻቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ረዳቱ እውነቱን ነው አልሁ በልቤ። እንጨቱ ሊያልቅ ሲል የመጨረሻውን ጫፍ በእጃቸው ሳይሆን በሌላ ቁራጭ እንጨት ገፍተው መሣሪያውን አጠፉት። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። አሁን ይዞራሉ ብዬ ስጠብቅ አሁንም አልዞሩም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ በአዊኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር እያጉረመረሙ ጠረጴዛውን ትክ ብለው ያያሉ። ከዚያ ዞሩ። ሲዞሩ ሌላ ሰው ሆኑ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ደህና ነህ ወይ፣ እናት አባት ደህና ናቸው ወይ፣ መንገዱ እንዴት ነው እያሉ መልሱን ሳልጨርስ ሌላ ይጠይቁኛል። የማያውቀኝ ሰው እንዲህ አድርጎ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱ ሰዎች እንዴት አንድ ሰው ውስጥ እንደሚኖሩ እያሰብሁ ገባሁ።

ያን ቀን አብሬያቸው ዋልሁ። ብዙ ነገር ነገሩኝ፤ ደብተር ይዤ ስለነበር ጻፍሁት። ጋቢህን ግድግዳ ላይ ስቀል፣ እጅጌህን እስከ ክርንህ ጠቅልል አሉኝ። ጓንት ጣትህን የሚያድንልህ ይመስልሃል፤ ጥርሱ ጓንቱን ሲይዘው ግን እጅህን ጨምሮ ነው የሚስበው አሉ። ከላይ ያለውን መከላከያ ከእንጨቱ በላይ አንድ ጣት ያህል ብቻ ክፍት አድርገህ አውርደው፤ ሪባኑ የበለጠ ከተራቆተ የሚፈልገው ሥጋ ነው። አንገቴን አዩና «ማተብህን አውልቅ አልልህም፤ ወደ ሸሚዝህ ውስጥ አስገባው» አሉኝ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመህ ማጥፊያውን ዝጋ፤ ካልዘጋህ አንተ ምሳህን እየበላህ ሳለ መብራት ይመጣና መጋዙ ብቻውን ሥራ ይጀምራል አሉና ሳቁ። ለሰው ሰላምታ ስላለመመለሳቸው ግን ምንም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ኩሩ ነዎት ወይ ተብሎ አይጠየቅ።

መጋዙን በአይሱዙ እስከ ፍኖተ ሰላም አመጣሁት፤ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያችን ደግሞ የፈረስ ጋሪ ተሸከመው። መምሬ በመስቀላቸው ባረኩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ማርያም ዙሪያውን አይተው፣ ይህን የሚያህል ብረት እንጨት ለመቁረጥ ብቻ ነው ወይ አሉ። ክፍሏ አንድ መስኮትና አንድ በር ብቻ አላት፤ ትይዩ ናቸው። እንጨቱ ላይ የማሰምረውን መስመር ማየት ስላለብኝ መጋዙን መስኮቱ ሥር አቆምሁት። ብርሃኑ ከፊቴ ይመጣል፤ በሩ ከጀርባዬ ሆነ። እግሬ እንዳይደክም ብዬ ረዘም ያለ በርጩማ ሠርቼ እየተቀመጥሁ እሠራ ጀመር። ለሦስት ሳምንት ያህል ዓለም ሁሉ ጎባጣ መስመር መሰለኝ። መንገድ ስሄድ የበሬ ቀንድ፣ የድንጋይ አጥር፣ የሰው አፍንጫ፣ ሁሉንም በዓይኔ እቆርጠው ነበር።

በኛ ቤት መምሬ ሲገቡ ሁሉም ሰው ብድግ ይላል። «ኖር» እንላለን፤ እሳቸው «በእግዚአብሔር» ብለው እስኪቀመጡ ማንም አይቀመጥም። መራመድ ከቻልሁ ጀምሮ ያደረግሁት ነገር ነው። ማድረጌንም አላውቀውም፤ ሰው ሲያዛጋ አስቦ እንደማያዛጋ ማለት ነው።

በጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወንበር መደገፊያ እየቆረጥሁ ሳለ ከኋላዬ የመምሬን ሳል ሰማሁ። መስማቴን ገና ሳላውቅ ተነስቻለሁ። እንጨቱን እንደያዝሁ ነው የተነሳሁት። ወደ ኋላ የተሳበው እንጨት ሪባኑን ከጎማው ላይ ነቅሎ ይዞት መጣ፤ ጧ አለ፤ ግራ እጄ በጠረጴዛው ላይ ተንሸራተተ። በዚህ ሁሉ መካከል አፌ «ኖር» ብሏል።

«በእግዚአብሔር፣ በእግዚአብሔር፤ ተቀመጥ ልጄ» አሉና እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጡ።

እሳቸው ከደጅ ብርሃን ስለገቡ ምንም አላዩም። ጧ ያለውንም የመሣሪያው ጠባይ ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። እግሩ የተሰበረ በርጩማ ነበረባቸውና ስለሱ ነገሩኝ፤ እኔ ግራ እጄን ከኋላዬ ደብቄ እሺ፣ እሺ እላለሁ። ሲወጡ እጄን አየሁት። የመካከለኛው ጣቴ ጥፍር ከጫፉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፍፎ ሄዷል። ሥጋው ግን አልተነካም። ደም የለም። ጥፍሩን ሰጋቱራው ውስጥ ፈለግሁትና አጣሁት።

ለመምሬ አልነገርሁም። አንድም አፈርሁ፤ አንድም ሲገቡ በመነሳቴ ነው ማለት እሳቸውን መክሰስ መሰለኝ። ይልቅ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ፤ ያን ጊዜ ማን አነሳኝ? እኔ ልነሳ አላልሁም። ሪባኑን ወደ ቦታው መለስሁና አያ ሙጬ መሣሪያውን አጥፍተውም ለምን እንዳልዞሩ ማጤን ጀመርሁ። መጋዙን አብርቼ፣ አጥፍቼ፣ እጄን አጣምሬ ቆጠርሁ። አሥር ላይ ድምፁ ጠፋ። ሪባኑ ግን ይወርዳል። ጥርሱ ስለማይታይ ለስላሳ የብር ክር ይመስላል፤ የቆመ ነው ብለህ ትምላለህ። ሙሉ በሙሉ የቆመው አርባ አንድ ላይ ነው። ደጋግሜ ቆጠርሁት፤ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ አንድ። ፊዚክስ ክፍል የተማርነው ነገር ትዝ አለኝ፤ የሚሄድ ነገር እንደሄደ መቅረት ይፈልጋል። ጎማዎቹ ከባድ ናቸው። አያ ሙጬ እያጉረመረሙ የቆሙት ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው።

በማግሥቱ ቡሬ ሄድሁ። አያ ሙጬ ዕቃ እያሰሩ ነበር። ጥፍሬን አሳየኋቸው፤ የሆነውን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ድሮ እሳቸውን ሥራ ያስተማራቸው ሰውም አማቱ ሲገቡ ብድግ ብሎ ነው እጁን በመጋዝ ያጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አልዞርም አሉኝ፤ ጳጳስ ቢመጣ።

«ተቀምጠህ ነው እንዴ የምትሠራ?» አሉኝ።

አዎ አልሁ።

«ተነስ የሚባለው የተቀመጠ ሰው ነው። በርጩማውን ጣለው። ቁመህ ካገኙህ ግማሹን ሰላምታ ሰጥተሃል።»

«ግማሹስ?»

«ግማሹን እኔም አላገኘሁት» አሉ። «ለዚህ እኮ ነው ቡሬ ሁሉ የሚሰድበኝ።»

ከዚያ ወዲህ ቁሜ መሥራት ጀመርሁ። ስለ ግማሹ ግን ማንንም አላማከርሁም፤ መምሬ መሣሪያው ሲጮኽ አይመጡም ብዬ ራሴን አታለልሁ። ጸባዬ ነው፤ መናገር የሚገባኝን ነገር ሳሰላስል ጊዜው ያልፋል።

የካቲት ላይ እንግዳ መጣ። አቶ ደጀኔ ይባላሉ፤ የወይዘሮ አስካለ ማርያም ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አገራቸው ፈረስ ቤት ከተማ ነው። ዓይናቸው ሞራ ስለጋረደው ሆስፒታል ለሰኞ ቀጥሯቸው፣ እስከዚያው እኛ ዘንድ ሊሰነብቱ ነው የመጡት። በዚያ በደጋ ዳሞት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው ይባላል፤ የተጣላ ሰውም የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። ማክሰኞ ምሳ ላይ መምሬ ስለ መጋዙ አጫወቷቸው። የመሥሪያ ነገር ይወዳሉና፣ ከምሳ በኋላ ከዘራቸውን ይዘው ብቻቸውን ወደ ጓሮ መጡ።

እኔ የመቋሚያ ራስ እየቆረጥሁ ነበር፤ ጉብጠቱ ከሁሉ የሚጠብበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። «እንደምን ዋልህ ልጄ» ሲሉ ሰማሁ። አልዞርሁም። ደገሙት። መናገር ፈለግሁ፤ ከተናገርሁ ግን የምዞር መሰለኝ። መጋዙን አጠፋሁት። ድምፁ ሞተ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከበፊቱ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «እንደምን ዋልህ?» አሉኝ ሦስተኛውን። እኔ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት እያልሁ እቆጥራለሁ። ዓይናቸው እንደማያይ አውቃለሁ፤ ዞር ብዬ እሳቸውን ስስም ከዘራቸው ወይም እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቢያርፍስ? አርባ አንድ ላይ ዞርሁ። በሩ ባዶ ነበር።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም የደረሱባቸው የግቢው በር ላይ ነው። አቶ ደጀኔ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው አልጋ ሊከራዩ ወደ መንገድ እየወጡ ነበር። እህታቸው እግራቸው ላይ ወድቀው መለሷቸው። ተመለሱ፤ እራት ሲቀርብ ግን እጃቸውን አልታጠቡም። ሲሠራ አለመዞሩን እተውለት ነበር አሉ ለመምሬ፤ መሣሪያውን አጥፍቶ፣ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ፣ እኔን እየሰማ ጀርባውን ሰጠኝ። ይህን ስድብ ባሪያም አይችለው። ይቅርታ ልጠይቅ ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

መምሬ ደጅ ጠሩኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከዚህ ቤት እንግዳ እህል ሳይቀምስ አድሮ አያውቅም አሉኝ። ያ ብረት ሰው መሆንህን ካስረሳህ እስከ ቅዳሜ ከግቢዬ ይውጣ፤ አንተ ቁጭ በል፣ እሱ ይሂድ።

ረቡዕና ሐሙስ ለመጋዙ ቤት ስፈልግ ዋልሁ። የሚከራይ ክፍል አላጣሁም፤ ይጮኻል ስላቸው ግን አንዱም እሺ አላለኝ። አንዲት ሴትዮ ጩኸቱን እንኳ እችለው ነበር፣ መብራቱን ሁሉ አንተ ትጨርሰውና እኛ በኩራዝ እናድራለን አሉኝ። አቶ ደጀኔ በሁለቱ ቀን ጠላ ብቻ ነው የቀመሱት። ወይዘሮ አስካለ ማርያም ሳገኛቸው ዓይኔን አያዩም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ የእንጨት ቁራጮቼን እየሰበሰብሁ ሳለ መምሬ መጡ። መጋዙ አይሠራም፤ ስለዚህ ተነሳሁ፣ ኖር አልሁ። በእግዚአብሔር አሉ፤ ግን አልተቀመጡም። ፊታቸው እንደ ቁጡ ሰው ሳይሆን አንድ ነገር ገብቶ እንዳልገባው ሰው ነበር።

«ሲሠራስ እሺ» አሉኝ። «ጠፍቶ ሳለ ለምን አልዞርህም?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። በአፍ ከምነግርዎ ባሳይዎ ይሻላል አልሁ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዲያስሩ፣ በሩ ጋ እንዲቆሙ ለመንኋቸው፤ እሺ አሉ። ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ ዘንግ ጫፍ ላይ የሸንኮራ ቁራጭ አሰርሁ። መጋዙን አበራሁ፣ አጠፋሁ። ድምፁ ሲጠፋ፣ መምሬ፣ ቆመ ወይስ ይሄዳል? አልኋቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩ። ቆሟል እንጂ አሉ። ዘንጉን ከሩቅ ወደ ሪባኑ ሰደድሁት። ሸንኮራው ምንም ሳይሰማ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ።

መምሬ እስቲ ድገመው አሉኝ። ደገምሁት። አሁንም ድገመው አሉና በዚህኛው፣ ገና ማጥፊያውን ስነካ፣ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ ጀመሩ። ሳይቸኩሉ፣ እንደ ሁልጊዜው። ጨርሰው ወደ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ተሻገሩ፤ አጋማሹ ላይ ሲደርሱ ሪባኑ ቆሞ ጥርሶቹ ብቅ አሉ። ድምፁ ሞቶ እሱ ሕያው ነው አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው። ገርሟቸው ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ነው የሚገፋው አሉኝ። ስለ ጎማዎቹ ክብደት ነገርኋቸው። እየሰሙ ሳለ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

«ጥፍርህ ምን ሆነ?»

መዋሸት አልቻልሁም። በዚሁ ነው አልሁ። መቼ አሉ።

«ያን የተሰበረ በርጩማ ሊነግሩኝ የመጡ ዕለት።»

«እኔ ስገባ?»

«አዎ መምሬ። ስነሳ።»

ቀስ ብለው እንጨት ክምሩ ላይ ተቀመጡ። «እኔ እኮ በእግዚአብሔር ብዬህ ተቀመጥሁ» አሉ። «በርጩማ ሳወራህ ነበር።»

ከዚያ መምሬ ተነሱና በክፍሏ ውስጥ መዞር ጀመሩ። ለምን ጀርባህን ለበር ሰጠኸው አሉኝ። ስለ ብርሃኑ ነው አልሁ። ዙረህ ብትቆምስ? መጋዙን ሁለታችን ገፍተን አዞርነው። በሩን አየሁ፤ ነገር ግን መስኮቱ ከኋላዬ ሆነና የገዛ ጥላዬ መስመሩ ላይ ወደቀ። አንተ ረዝመህ ይሆናል አሉና እሳቸው ቆሙ፤ የጥምጥማቸው ጥላ ከእኔም የባሰ ሆነ። ወደ ጎን አደረግነው፤ ረዥም እንጨት ሲመጣ ግድግዳው አላዞር አለ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ወዲህ ግፋው፣ ወዲያ ግፋው እያሉ ላብ በላብ ሆኑ። በመጨረሻ መጋዙን ወደ መስኮቱ ሥር መለስነው። ሌላ ቦታ እንቢ ብሏል።

መምሬ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩና ወጡ። ሲመለሱ አቶ ደጀኔን በእጃቸው እየመሩ ነበር። ይቅርታም፣ ማብራሪያም አልተናገሩም። ደፍ ላይ አቆሟቸውና፣ አንተ ቤት የምታውቅ ሰው ነህ፣ ይህ በር ከዚህ ተነስቶ ወደ መስኮቱ በኩል ቢሄድ ጣሪያው ይፈቅዳል ወይ ብለው ጠየቁ።

አቶ ደጀኔ እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ዳሰሱ። በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ ዙሪያውን ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ይህን ምሰሶ ከነካችሁ ጣሪያው ወርዶ ይገባላችኋል አሉ። ከሱ በስተቀኝ ግን ባዶ ነው፤ የሠራው ሰው ሰነፍ ነው፤ በር ያህል ይወጣዋል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ፣ በር የሚዛወረው ለምንድን ነው አሉ። መምሬ ነገሯቸው። ስለ ሸንኮራው፣ ስለ ጸሎቱ፣ ስለ ጥፍሬም። አቶ ደጀኔ ሰሙና፣ ይህን ማክሰኞ አፍ አጥቶ ነው ያልነገረኝ አሉ። አዎ፣ አፍ አጥቼ ነው አልሁ። ያን ዕለት ማታም አልበሉም።

ቅዳሜ ማለዳ መጋዙን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነን ግድግዳውን ማፍረስ ጀመርን። አቶ ደጀኔ ወንበር አስመጥተው ከውጭ ሆነው ያዛሉ፤ ዶማው ሲያርፍ በድምፁ ያውቁታል። ቀስ፣ እሱ ጭራሮ ነው። ምታው። ተው፣ ምሰሶው ዘንድ ደርሰሃል። አሮጌውን በር ነቅለን በአዲሱ ክፍት ላይ አቆምነው፤ አሮጌውን ክፍት ደግሞ እስከ ወገብ በጭቃ ሞላነው፤ ከወገብ በላይ መስኮት ሆኖ ቀረ። መጋዙ ፊት ስቆም ግቢው ሁሉ ከፊቴ ነው። ከአጥሩ በር የሚገባውን ሰው ገና ሲገባ አየዋለሁ፤ መስመሩን እስክጨርስ ጊዜ አለኝ፤ እንግዳውም ፊቴን ያያል። መምሬ ከአጥሩ በር እየገቡ፣ እየወጡ፣ እየገቡ ይህን አረጋገጡ።

«ይህ ለሚያይ ሰው ነው» አሉ አቶ ደጀኔ ከተቀመጡበት። «ለእኔስ? መቆሙን በምን አውቃለሁ? ለጆሮ የሚሆን ነገር አብጅለት።»

ቀኑን ሙሉ ያን እያሰብሁ ጭቃ ለጠፍሁ። ለጆሮ የሚሆን። ድምፁ የሞተውን ነገር እንዴት አድርጌ አናግረዋለሁ? የታችኛው ጎማ እንደ ጋሪ እግር ዘንጎች አሉት። የሠፈር ልጆች ብስክሌታቸው ጎማ ላይ ካርቶን አስረው ሞተር የሚያስመስሉት ትዝ አለኝ። ካርቶን ይቀደዳል፤ ሽቦ ደግሞ ጎማው ውስጥ ቢገባ አደጋ ነው። ከተጣለ ቢጫ ጀሪካን የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ አወጣሁ። የመጋዙን ገመድ ከሶኬት ነቀልሁ፣ የታችኛውን ክዳን ከፈትሁ፣ ቁራጯን ከክዳኑ ውስጠኛ ጎን ላይ ጫፏ ዘንጎቹን ለስለስ አድርጋ እንድትነካ አድርጌ በቡሎን አሰርኋት፤ ክዳኑን ዘጋሁ። እጄን ታጠብሁ፣ ማተቤን ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ አበራሁት። ከጩኸቱ ጋር ምንም አይሰማም። አጠፋሁት። ሞተሩ ሲሞት ሌላ ድምፅ ብቅ አለ፤ ጠጠጠጠጠ፤ ከዚያ ጠጠጠ፤ ከዚያ ጠ፣ ጠ።

አቶ ደጀኔ በአዲሱ በር አፍ፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ ማርያም እጅ ማስታጠቢያ ይዘው አጠገባቸው ቆመዋል፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። አቶ ደጀኔ ውሃውን እንዲያቆዩ በእጃቸው ምልክት ሰጡና ጆሯቸውን አዘነበሉ። እኔ ዓይኔን ከሪባኑ ላይ አላነሳሁም።

ጠ።

ጠ።

ትንሽ ጠበቁ። ሌላ እንደማይመጣ ሲያረጋግጡ «እንደምን ዋልህ ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያም ሁለት እጃቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ።